ፓች ስትልኩ ኮዱ፣ ቴስቱና ዶክመንቴሽኑ በምን ቅደም ተከተል ይግቡ?

ኮዱ ይሠራል፣ ቴስቱ ያልፋል፣ መመሪያውም ተስተካክሏል። ሦስቱም ግን በአንድ ኮሚት ተጠቅጥቀው 700 መስመር ሆነው ሲላኩ ፓቹ፣ ማለትም ለፕሮጀክቱ የምትልኩት የለውጥ ጥቅል፣ ሳይነበብ ይከርማል። ገምጋሚው ሥራውን ስለጠላው አይደለም፤ የቱ መስመር ለየትኛው ዓላማ እንደተለወጠ ለመለየት ብቻ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅበት ነው። ያው 700 መስመር በአምስት ፓች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ከእሱ በፊት የገባውን ብቻ ተመርኩዞ ሲቆም፣ በአንድ ቁጭታ ተነብቦ ያልቃል።

ይህ መመሪያ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በእንጅባራ ሆነው ወደ ክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ፓች መላክ ለጀመሩ፣ እንዲሁም በመሥሪያ ቤት የጋራ ሪፖዚተሪ ላይ ለሚሠሩ የተዘጋጀ ነው። የኮድ ለውጥን በሚመዘግበው በጊት ኮሚት ማድረግና ብራንች መክፈት ታውቃላችሁ ብለን እንነሳለን። የእንግሊዝኛ ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በአማርኛ ፊደል ጽፈናቸዋል።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንያዝ። አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እህል ሲረከብ የሚመዘግብበት ፕሮግራም አለ እንበል። ገበሬው ከቢቸና በኩል ጤፍ፣ ከቡሬ በኩል በቆሎ በጆንያ ያመጣል፤ ይመዘናል፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ደረሰኝ ይቆረጣል። ሁለት ሥራ አለባችሁ። አንደኛው ባግ፣ ማለትም የኮድ ስህተት፣ ነው፦ ፕሮግራሙ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ናት ብሎ ስለሚያምን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የመጣውን እህል አልመዘግብም ይላል። ሁለተኛው አዲስ ነገር ነው፦ ከተመዘነው ላይ የጆንያው ክብደት እንዲቀነስና ተቀናሹ ለዩኒየኑ (ማኅበሩ ለታቀፈበት የማኅበራት ኅብረት) በሚላከው ፋይል ውስጥ ራሱን የቻለ ዓምድ እንዲኖረው ተፈልጓል።

መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ለዩ። በአንድ ፋይል ውስጥ ስለተገናኙ ብቻ አብረው አይላኩም። የጳጉሜኑ ማስተካከያ ዛሬውኑ ሊገባ የሚችል ነው፤ የጆንያው ግን ዩኒየኑን የሚነካ ስለሆነ ክርክር ሊያስነሳ ይችላል። ካዋሃዳችኋቸው ያልተጨቃጨቁበት ባግ የተጨቃጨቁበትን ሥራ ሲጠብቅ ይከርማል።

ከሁሉም የሚቀድመው ደንብ

በተከታታይ ከምትልኳቸው ፓቾች መካከል የትኛውም ላይ ቢቆም ፕሮግራሙ መገንባት፣ መነሳትና ያሉትን ቴስቶች በሙሉ ማለፍ አለበት። ሌላው ደንብ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ምክንያቱ ጊት ባይሴክት ነው። ከ1,000 ኮሚት ውስጥ ጥፋቱን ያመጣውን ለማግኘት ባይሴክት መሃሉን እየከፈለ ስለሚሄድ 10 ያህል ሙከራ ይበቃዋል። መሃል ላይ የማይገነባ ኮሚት ሲገጥመው ግን ሰውየው «ጊት ባይሴክት ስኪፕ» እያለ ለመዝለል ይገደዳል፤ የተዘለሉት ከበዙም መልሱ «ከእነዚህ ከሰባቱ አንዱ ነው» ሆኖ ይቀራል። በስክሪፕት ሲሠራ ደግሞ ይብሳል። «ጊት ባይሴክት ራን» ስክሪፕቱ 0 ከመለሰ ደህና ነው፣ 125 ከመለሰ ይዘለል፣ ከ1 እስከ 127 ያለ ሌላ ቁጥር ከመለሰ ተበላሽቷል ብሎ ይፈርዳል። ስለዚህ ማስተካከያው ገና ሳይገባ የሚወድቅ ቴስት መሃል ላይ ካስገባችሁ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ፍጹም ሌላ ባግ የሚያሳድድ ሰው ቴስቶቹን በሙሉ ሲያስኬድ ፍርዱ የሚያርፈው በእናንተ ኮሚት ላይ ነው።

ዝግጅቱ ይቅደም

ማሳው ሳይታረስ ዘር አይወርድም። የቀን መፈተሻው ኮድ በመረከቢያው ቅጽ ውስጥም በሪፖርቱ ውስጥም ተደግሞ የተጻፈ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ፓች ሁለቱን ወደ አንድ ፈንክሽን መሰብሰብ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ጳጉሜን አሁንም 5 ቀን ናት፤ ስህተቱም እንዳለ አለ። ይህ ሆን ተብሎ ነው። በኮሚቱ መልእክት ላይ «በአሠራር ላይ ለውጥ የለም» ብላችሁ ስትጽፉ ገምጋሚው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ያነባል፦ በእርግጥ ምንም አልተለወጠም? ቀድሞ የነበሩት ቴስቶች አንድም ሳይነኩ ካለፉ መልሱን አገኘ ማለት ነው። በዝግጅት ፓች ውስጥ ቴስት ማስተካከል ካስፈለጋችሁ አሠራሩ ተለውጧልና ቆም ብላችሁ እዩት። የፈንክሽኑ ስም ብቻ ተቀይሮ ቴስቱ በአዲሱ ስም እንዲጠራው ከሆነ ግን ችግር የለውም።

ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ማዛወርም እንዲሁ ለብቻው ይሁን። ጊት የፋይል ዝውውርን መዝግቦ አይዝም፤ የድሮውንና የአዲሱን ይዘት አወዳድሮ ቢያንስ ግማሹ ከተመሳሰለ «ተዛወረ» ይላል። እያዛወራችሁ ይዘቱንም በብዛት ከለወጣችሁት አንድ ፋይል ጠፍቶ ሌላ አዲስ እንደተፈጠረ ሆኖ ይታያል፤ ገምጋሚው ያለውን ሁሉ ከዜሮ ሊያነበው ነው።

ቴስቱ ከማስተካከያው ጋር

ሁለተኛው ፓች ባጉን ያስተካክላል፣ ቴስቱም በዚያው ውስጥ ይገባል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ ጳጉሜን 6 ቀን ናት። 2011፣ 2015፣ 2019 እንዲህ ናቸው፤ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ማለት ነው።

ቴስቱ ላይ ጠንከር በሉ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 መቀበሉን ብቻ ብትፈትሹ «ጳጉሜን ሁልጊዜ 6 ቀን ናት» ብሎ የተጻፈ የተሳሳተ ኮድም ያልፋል። ወሰኑን ከሁለቱም በኩል ያዙት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ይቀበል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 አይቀበል፤ ጳጉሜን 7 በየትኛውም ዓመት አይቀበል፤ ከጳጉሜን 6 ቀን 2015 ቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 2016 ይምጣ፤ ከጳጉሜን 5 ቀን 2016 ቀጥሎም መስከረም 1 ቀን 2017። ፕሮግራሙ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚለውጥ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ ሁለተኛው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ላይ ማረፍ አለበት። የአንድ ቀን ስህተት ተደብቆ የሚኖረው እዚህች ጥግ ላይ ነው።

ቴስቱ ያለ ማስተካከያው በእርግጥ እንደሚወድቅ ሳታዩ አትላኩ። ኮሚት ካደረጋችሁ በኋላ «ጊት ቼክአውት ሄድ~1 --» ብላችሁ የኮዱን ፋይል ስም ብቻ ጨምሩ፤ ሄድ~1 ማለት ከአሁኑ አንድ በፊት ያለው ኮሚት ስለሆነ የድሮው ኮድ ከአዲሱ ቴስት ጋር ይቀመጣል። ቴስቱን አስኪዱና ሲወድቅ ተመልከቱ፤ የሚያወጣው መልእክት ስለ ጳጉሜን የሚናገር መሆኑንም አረጋግጡ፤ በሌላ ምክንያት የሚወድቅ ቴስት ስለ ባጉ ምንም አያረጋግጥምና። ከዚያ «ጊት ቼክአውት ሄድ --» ብላችሁ ያንኑ የፋይል ስም በመጨመር ፋይሉን መልሱ።

ቴስቱን ለብቻው አስቀድሞ ማስገባት የሚወዱ ፕሮጀክቶችም አሉ፤ ባጉ መኖሩ ቀድሞ በግልጽ እንዲታይ ስለሚያደርግ ጥቅም አለው። የጊት ፕሮጀክት ራሱ ለዚህ «ቴስት_ኤክስፔክት_ፌይለር» የሚባል ነገር አዘጋጅቷል፦ ቴስቱ እንደሚወድቅ ታውቆ ይገባል፤ ቢወድቅም ጠቅላላውን ቴስት አይጥልም። ማስተካከያውን የያዘው ቀጣይ ፓች ይህን ወደ «ቴስት_ኤክስፔክት_ሰክሰስ» ይለውጠዋል። በእኛ አመለካከት ይህ መንገድ የሚያዋጣው ባጉ ጠለቅ ያለ ሆኖ ማስተካከያው ብዙ ፓች ሲፈልግ ነው። እንደ ጳጉሜኑ ላለ ጥቂት መስመር ማስተካከያ ግን ገምጋሚውን ሁለት ቦታ ማመላለስ ይሆናል።

ቴስቶቹን ሰብስቦ በመጨረሻው ፓች ማስገባት ግን አይመከርም። ሜንቴይነሩ (ፓች ተቀብሎ ወደ ፕሮጀክቱ የሚያስገባው ኃላፊ) የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፓቾች ተቀብሎ «የቀረውን አስተካክላችሁ መልሱ» ቢል ኮዱ ያለ ቴስት ገባ ማለት ነው፤ ማንም ተመልሶ አይጽፈውም።

ዶክመንቴሽኑ እንደ ዓይነቱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዶክመንቴሽንን እንደ አንድ ነገር ስለሚያየው ነው። ቦታቸው የሚለያይ ሦስት ዓይነት አለ።

ከፈንክሽኑ በላይ የሚጻፈው ማብራሪያ ከኮዱ ጋር በዚያው ፓች ይገባል። ይህ አያከራክርም።

የተጠቃሚው መመሪያ፣ ማለትም ደረሰኝ ቆራጩ የሚያነበው፣ አጭር ከሆነ አሠራሩን ከሚለውጠው ፓች ጋር፣ አንድ ገጽና ከዚያ በላይ ከሆነ ወዲያው ከሱ ቀጥሎ ለብቻው ይግባ። ከኮዱ ፊት ግን አይቅደም፤ ኮዱ ሳይገባ ቢቀር መመሪያው የሌለ ነገር ቃል ይገባል። አማርኛውን የሚያርመውና ኮዱን የሚያየው ሰው የተለያዩ ከሆኑ መለየቱ ይሻላል። መመሪያው በአማርኛ ሲሆን ሌላም ጣጣ አለ፦ «ጳጉሜ»፣ «ጳጉሜን»፣ «ጷጉሜን» እየተባለ በየገጹ በተለያየ አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል፤ በአንዱ ብቻ ብትፈልጉ የቀሩት ያመልጧችኋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ያሉባቸውን ቃላትም በሁሉም አጻጻፍ ፈልጉ። አጻጻፉን አንድ ማድረግ ካማራችሁ ራሱን የቻለ ፓች ነው፤ ከይዘት ለውጥ ጋር አይቀላቀል።

ሦስተኛው ዓይነት ውል ነው፦ ሌላ ፕሮግራም ወይም ሌላ ሰው የሚመካበት የፋይል አወቃቀር፣ የመጠይቅ አሠራር፣ የቅንብር ስሞች። ይህኛው ከኮዱ ይቀድማል። የጆንያው ሥራ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። የመጀመሪያው ፓች ስለ ዓምዱ ብቻ ይናገር፦ ዓምዱ ከስንተኛው ቀጥሎ ይገባል፣ መለኪያው ኪሎ ነው ወይስ ኩንታል፣ ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ ይፈቀዳል፣ ባዶ ሆኖ ሲመጣስ ምን ማለት ነው? የመጨረሻዋን ልብ በሉ። ባዶ ማለት «ተቀናሽ የለም» ከሆነ ዩኒየኑ ሙሉውን ክብደት ይመዘግባል፤ «ጆንያው አልተመዘነም» ከሆነ ግን መዝገቡን መልሶ መጠየቅ አለበት። ገምጋሚው ይህን በ20 መስመር ጽሑፍ ላይ ሲጠይቅ መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በ300 መስመር ኮድ ውስጥ ተቀብሮ ካገኘው ኮዱም፣ ቴስቱም፣ የተቀመጠው መረጃም ሊፈርስ ነው።

የሊኑክስ ከርነል ይህንኑ በደንብ አስቀምጦታል። የዲቫይስ ትሪ ባይንዲንግ፣ ማለትም ሃርድዌሩ የሚገለጽበት ውል፣ ለብቻው ፓች ሆኖ ድራይቨሩን (ሃርድዌሩን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ) ከሚያስገባው ፓች በፊት መምጣት አለበት። ቼክፓች የሚባለው መፈተሻቸውም ከኮድ ጋር ተቀላቅሎ ሲያገኘው ያስጠነቅቃል። ውሉ የሃርድዌሩ መግለጫ እንጂ የአንድ ድራይቨር ገመና ስላልሆነ፣ ድራይቨሩ እንዴት እንደተጻፈ ሳይታይ በራሱ ሊመዘን ይገባል።

እንግዲህ የጆንያው ተከታታይ እንዲህ ይደረደራል፦ የፋይሉ ውል፤ የክብደት ስሌቱን ወደ አንድ ቦታ የሚሰበስብ ዝግጅት፤ ተቀናሹን የሚያሰላው ኮድ ከነቴስቱ፤ ዓምዱን ወደ ፋይሉ የሚጽፈው ኮድ ከነቴስቱ፤ የደረሰኝ ቆራጩ መመሪያ። ሦስተኛውና አራተኛው እንዳይገለባበጡ፤ አራተኛው የሦስተኛውን ፈንክሽን ይጠራል።

ፕሮጀክቱ የራሱ ደንብ ካለው ግን የእሱ ይበልጣል። ከመጀመራችሁ በፊት አስተዋጽዖ ማድረጊያ መመሪያውን አንብቡ፤ ከዚያም «ጊት ሎግ --ስታት» ብላችሁ በቅርቡ የገቡ 20 ያህል ኮሚቶች ቴስትና ዶክመንቴሽን ከኮድ ጋር ይዘው እንደሆነ እዩ። የተጻፈውና የሚሠራበት ከተለያዩ ጠይቁ።

ተቀላቅሎ የተሠራውን መለየት

ማንም ሰው በዚህ ቅደም ተከተል አይሠራም። ሥራው እንደመጣለት ይሠራል፤ የሚደረደረው ከመላኩ በፊት ነው። ሁሉም ለውጥ በአንድ ኮሚት ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ «ጊት ብራንች መጠባበቂያ» ብላችሁ ቅጂ አስቀሩ። ከዚያ «ጊት ሪሴት ሄድ~1»፤ ኮሚቱ ይፈታል፣ ለውጡ በፋይሎቹ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ቀጥሎ «ጊት አድ -ፒ»፤ ለውጡን በቁራጭ በቁራጭ እያሳየ ይጠይቃችኋል። ዋይ ብትሉ ይገባል፣ ኤን ብትሉ ይቀራል፣ ኤስ ብትሉ ቁራጩን ይበልጥ ይከፍለዋል፣ ኢ ብትሉ መስመር በመስመር ታርሙታላችሁ። አዲስ የተፈጠሩ ፋይሎችን ግን አያሳይም፤ እነሱን በስማቸው አስገቡ። አዲሱ የቴስት ፋይል ተረስቶ የሚቀረው በዚህ ነው።

ሁሉም እዚያው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ስለሆነ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው፤ መስመር የሚያስፈልገው ለመላክ ብቻ ነው።

አንድ አደገኛ ነገር አለ። ግማሹን አስገብታችሁ ቴስት ስታስኬዱ ያልገባው ግማሽም ፋይሎቹ ውስጥ ስላለ ቴስቱ ያልፋል፤ ኮሚቱ ግን ለብቻው አይገነባም። ስለዚህ ሁሉንም ከፍላችሁ ስትጨርሱ ይህን አስኪዱ፦ «ጊት ሪቤዝ -አይ --ኤግዜክ "ሜክ ቴስት" ሜይን»። ከሜይን (ከዋናው ብራንች) በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ኮሚት በየተራ አውጥቶ ቴስቱን ያስኬዳል፤ የወደቀበት ላይ ይቆማል። እዚያው አስተካክሉ፣ «ጊት ኮሚት --አሜንድ» በሉ፣ ከዚያ «ጊት ሪቤዝ --ኮንቲኒው»። ሲያልቅ «ጊት ዲፍ መጠባበቂያ» ብላችሁ ከመጀመሪያው ሥራ ጋር አወዳድሩ፤ ምንም ካላሳየ ምንም አልጠፋም።

ሌላው የተለመደ ችግር የመስመር መጨረሻ ነው። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ አርታኢ የመስመር መጨረሻውን ለውጦ ካስቀመጠው ሦስት መስመር የነካችሁበት ፋይል በሙሉ እንደተለወጠ ይታያል። ከመላካችሁ በፊት «ጊት ዲፍ --ስታት ሜይን»ን እዩ፤ ቁጥሩ ከጠበቃችሁት በላይ ከሆነ «ጊት ዲፍ -ደብሊው» ብላችሁ ያለ ክፍት ቦታ ለውጥ አወዳድሩ። ልዩነቱ ከጠፋ ጥፋተኛው እሱ ነው።

መልእክቱና መሸኛው

ርዕሱ አጭር ይሁን፦ በጊት ፕሮጀክት እስከ 50 ፊደል፣ በከርነል ከ70 እስከ 75። ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ምክንያቱ። ምን እንደለወጣችሁ ኮዱ ይናገራል፤ ለምን እንደለወጣችሁ ግን ከእናንተ በቀር የሚናገር የለም። «የቀን ፈንክሽን ተስተካከለ» አይበቃም፤ «በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 የመጣ እህል አይመዘገብም ነበር» ይባል። ፓቾቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ «ጊት ፎርማት-ፓች --ከቨር-ሌተር» መሸኛ ደብዳቤ ያዘጋጅላችኋል። በውስጡ የትኛው ፓች ለምን ከየትኛው እንደሚቀድም በአንድ በአንድ መስመር ግለጹ። ብዛቱም ይታሰብበት፤ የከርነሉ መመሪያ ከ15 ያህል በላይ በአንድ ጊዜ አትላኩ ይላል።

ከላካችሁ በኋላ ታገሡ። የከርነሉ መመሪያ መልስ ካጣችሁ ድጋሚ ከመላካችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁ ይላል፤ ለሌላውም ፕሮጀክት ይሠራል።

አስተያየት ሲመጣ «የገምጋሚውን አስተያየት ማስተካከያ» የሚል ስድስተኛ ፓች ጫፍ ላይ አትቀጥሉ፤ ስህተቱ ያለበት ፓች ራሱ ይታረም። ሦስተኛውን ለማረም ለውጡን ካስገባችሁ በኋላ «ጊት ኮሚት --ፊክስአፕ» ብላችሁ የሦስተኛውን መለያ ስጡት፤ ቀጥሎ «ጊት ሪቤዝ -አይ --አውቶስኳሽ ሜይን» ወደ ቦታው ወስዶ ያዋህደዋል። የኤግዜኩን ፍተሻ ድገሙት፤ ሦስተኛው ሲታረም አራተኛው ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛውን ዙር «-ቪ2» ብላችሁ አዘጋጁ፣ በመሸኛው ላይም «ጊት ሬንጅ-ዲፍ» የሚያወጣውን ልዩነት ጨምሩ፤ ገምጋሚው የተለወጠውን ብቻ ያያል። ከመጀመሪያዎቹ ፓቾች የገቡ ካሉ አውጧቸው፣ በአዲሱ ሜይን ላይ ሪቤዝ አድርጉ፣ የቀሩትን ብቻ መልሳችሁ ላኩ።